የቆመ ወንዝ

፩

የስቶክሆልም የምድር ውስጥ ባቡር ቀይ መስመር በደቡብ ምዕራብ በኩል የሚያልቅበት ሰፈር ኖርስቦሪ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ሐዲድ የለም። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1975 ሲሆን፣ የምንኖርባቸው ሕንፃዎች ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ቤት ለመሥራት የተነሣችበት ዘመን ልጆች ናቸው። ከቤቴ ወጥቼ በዛፎቹ መካከል ጥቂት እንደ ተራመድኩ የሜላረን ሐይቅ ይታየኛል፤ በሐይቁም ዳር ከ1904 ጀምሮ የሚሠራ የውኃ ማጣሪያ አለ። ስቶክሆልምና አካባቢዋ የሚጠጡት ውኃ ከዚህና ሎቬ በተባለው ደሴት ላይ ካለው ማጣሪያ ይሄዳል። ስለ ኖርስቦሪ የሚጽፉ ሰዎች ስደተኛ የበዛበት ሰፈር ስለሆነ «ዳር» ይሉናል። መሐል ከተማ ተቀምጦ ብርጭቆውን ከቧንቧ የሚሞላ ሰው ግን የሚጠጣው ከዚሁ ከዳሩ የሄደውን ነው። ዳርና መሐል የሚባለው ነገር ውኃ ሲቀዳ እንደሚገለበጥ ያስተዋልኩት እዚህ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አጎቴ ከሰቆጣ ደወሉልኝ። ሰላምታው እንዳለቀ «ተከዜ ቆመ» አሉኝ። የዋግ ሰው ስለ ወንዝ ሲያወራ መጀመሪያ የሚታሰበው ድርቅ ነውና፣ «ደረቀ ነው የሚሉኝ፣ ጋሼ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አልደረቀም። ሞልቶ ቆመ። ወንዝ ሞልቶ ሲቆም አይተህ ታውቃለህ?»

ከዚያም ውኃው የበላቸውን መሻገሪያዎች ከላይ ወደ ታች ይቆጥሩልኝ ጀመር። እያንዳንዱ መልካ ስም ነበረው፤ አንዳንዱ በአማርኛ፣ አንዳንዱ በኽምጥኛ፣ አንዳንዱም በትግርኛ። እኔ በዚያን ጊዜ አውቶቡስ ነጂ ነበርኩ፤ የማታው ተራዬ ሊደርስ አርባ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። «ጋሼ፣ እሑድ እደውልና እጽፈዋለሁ» አልኳቸው። እሑድ ደወልኩ፤ የተነጋገርነው ግን ስለ እህል ዋጋና ስለ ጤናቸው ሆነ። ግድቡ ኅዳር 5 ቀን 2002 ዓ.ም. ሲመረቅ እርሳቸው በሕይወት አልነበሩም። ስሞቹን አልጻፍኳቸውም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕዳ ነው። (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።)

፪

ተከዜ ከላስታ ተራሮች ይነሣል። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎም ወደ ሰሜን ይወርድና በስሜን ከፍታና በተምቤን መካከል ከ2,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሸለቆ ቆርጦ ያልፋል። እንደገና ወደ ምዕራብ ታጥፎ የኢትዮጵያና የኤርትራ ወሰን ይሆናል። ሱዳን ሲገባ ሰቲት ይባላል፤ ከአትባራ ጋር ተቀላቅሎም ዓባይን ያገኛል። ርዝመቱ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በምዕራቡ በኩል ከ4,500 ሜትር በላይ የሚነሣው ራስ ደጀን ቆሟል፤ ከታች ያለው ግን እግር የሚያቃጥል ቆላ ነው። ከውርጭ ተነሥቶ ወደ ሐሩር መውረድ፣ ከሐሩርም ወደ ውርጭ መውጣት የዚያ አገር መንገደኛ የሁልጊዜ ዕጣ ነበር።

ስሙ ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። በግእዝ ተከዚ ማለት ወንዝ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን ስሙን ከትካዜ ጋር እያያዘ ሲያንጎራጉርበት ኖሯል። የቋንቋ ሊቃውንት አንዱን ትርጉም ቢመርጡ፣ በክረምት ዘመዱን ከማዶ አስቀርቶ ከወዲህ የቆመ ሰው ሁለቱንም ያውቃቸዋል።

በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ውስጥ ይህ ወንዝ በስሙ ተጠርቷል። ኖባዎች «ተከዜን አይሻገርም» ብለው ይመኩ እንደ ነበር፣ ንጉሡም በአንድ መልካ በኩል እንደ ገጠማቸው ይናገራል፤ የመልካውንም ስም ሳይቀር ከማልኬ ብሎ ይጠራዋል። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ውጊያ የተደረገው ዛሬ አትባራ በምንለው በታችኛው ወንዝ አካባቢ ነው ይላሉ። ለእኔ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በአገራችን ከቀሩት ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ አንድ የወንዝ መሻገሪያ በስሙ መዝግቦ ይዟል። ንጉሡ የመልካውን ስም ለድንጋይ የሚበቃ ቁም ነገር አድርጎ ቆጥሮታል። እኔ ግን የአጎቴን መልካዎች ለወረቀት እንኳ አላበቃኋቸውም።

የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 ከትግራይ ወደ ጎንደር ሲሄድ ተከዜን ተሻግሮ ስለ አዞውና ስለ ጉማሬው ጽፏል። ከእርሱ ወዲህ በ1861 ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ በአትባራና በሰቲት ዳር ሲዘዋወር፣ ደርቆ የነበረው የአትባራ አሸዋ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሲሞላ አየ፤ ግብጽን የሚያለማው ጥቁር ደለል ከሐበሻ ተራሮች እንደሚወርድም ለአገሩ ሰዎች አስረዳ። የእኛ ገበሬ ይህንን ለማወቅ እንግሊዛዊ አላስፈለገውም። ማሳው ወዴት እንደሚሄድ በየክረምቱ በዓይኑ ያየው ነበር።

በጣሊያን ወረራ ጊዜም ተከዜ መሻገሪያ ሆኖ በታሪክ ገባ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የልዑል ራስ እምሩ ጦር ከግድቡ ሥፍራ በታች ባለው ክፍል ወንዙን በሌሊት ተሻግሮ ደምበጉና ላይ ጠላትን ድል አደረገ። ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ ከሽሬው ጦርነት ሲያፈገፍግ፣ ያው ጦር በዚያው ወንዝ መልካዎች ላይ በአውሮፕላን ተደበደበ። በደረቅ ወራት መልካ ያዳነውን፣ በዚያው ወር መልካ ያስገደለው ሰው ብዙ ነው።

፫

እኔ ይህን ወንዝ ሁለት ጊዜ ተሻግሬዋለሁ።

መጀመሪያ የተሻገርኩት በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የጨው ገበያ ናት፤ ከአፋር ምድር የወጣው አሞሌ እዚያ ደርሶ ለሌላ አገር ይከፋፈላል። አጎቴ ጨው ጭነው ወደ ስሜን የሚሻገሩ፣ ገብስና ቅቤ ይዘው የሚመለሱ ነጋዴ ነበሩ። ጨውና ወንዝ ጠላቶች ናቸው። ሌላ ጭነት ቢረጥብ ይደርቃል፤ ጨው ግን አንድ አህያ አንሸራቷት ከወደቀች የዓመቱ ዋና ገንዘብ በዓይን ፊት ቀልጦ ይሄዳል። ስለዚህ መልካው ላይ ሲደረስ ጭነቱ በሙሉ ይራገፋል፤ ጨው በሰው ራስ ላይ ይሻገራል፣ አህዮቹ ባዶአቸውን ይነዳሉ። አንድ ዋናተኛ የተነፋ የፍየል ቆዳ ታቅፎ ቀድሞ ይገባና አሸዋው የቱ ጋ እንደ ተዛወረ በእግሩ ይፈትሻል። ከእርሱ በኋላ ሰው ለሰው ተያይዞ ይከተላል። እኔን አጎቴ ትከሻቸው ላይ አድርገው አሻገሩኝ። ውኃው ደረታቸው ጋ ሲደርስ ጸጉራቸውን ይዤ እንደ ነበርና ከዚያ ማዶ «ሰው ሆንክ» እንዳሉኝ አስታውሳለሁ።

ማዶው ባዕድ አገር አልነበረም። የወንዙ ዳርና ዳር ሰዎች ተጋብተው፣ ተበዳድረው፣ ተጣልተው፣ በሽማግሌ ታርቀው የሚኖሩ ነበሩ። ዋናተኛው የሚከፈለው ጥቂት ጨው ነው፤ ከየትኛው ወገን እንደ መጣህ ግን አይጠይቅም። ክረምት ሲገባ ተከዜ ይሞላል፤ ሰርጉም ዕዳውም ሙግቱም ለመስከረም ይቀጠራል። ወንዙ ለሦስት ወር ግድግዳ፣ ለዘጠኝ ወር በር ነበር ማለት ይቻላል። የሕዝቡ አቆጣጠር በዚያ በር ላይ የተሠራ ነበር።

ሁለተኛ የተሻገርኩት በ1976 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ለምን እንደ ወጣን ለዚህ መጽሐፍ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በሁመራ በኩል ወርደን፣ ወንዙ ሰቲት ወደሚባልበት ወደ ሐምዳይት አቅጣጫ በሌሊት ተሻገርን። በጋ ስለ ነበር ውኃው ከወገብ አላለፈም። መንገድ መሪው ዝም እንድንል አዞን ነበር፤ እኔ ግን ውኃው ሲነካኝ ከአጎቴ ትከሻ ላይ ያየሁት ያው ውኃ መሆኑን አሰብኩና አለቀስኩ። በዚህ ወንዝ አንድ ጊዜ ወደ ገበያ፣ አንድ ጊዜ ወደ ስደት ሄጃለሁ። ከዚያ ገዳሪፍ፣ ካርቱም፣ በኋላም ስዊድን።

፬

ግድቡ እንዴት እንደ ተሠራ በአጭሩ ልናገር። ኢትዮጵያ ወንዞቿን ለኤሌክትሪክ መገደብ የጀመረችው በቅርብ አይደለም። በአዋሽ ላይ ያለው ቆቃ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1960 ሥራ ጀመረ፤ ጢስ ዓባይ በ1964፣ ፊንጫ በ1973 ተከተሉ።  በሰሜን ያለው ይህን የሚያህል የመጀመሪያው ግድብ ተከዜ ነው።

ሥራው በ2002 ለቻይና ተቋራጮች ተሰጠ፤ ወጪው በመጨረሻ ወደ 360 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ቁመቱ 188 ሜትር ነው። ሲያልቅ በ1996 ከተሠራውና 185 ሜትር ከሚሆነው ከሌሶቶው ካትሴ ግድብ በልጦ የአፍሪካ ረጅሙ ግድብ ሆነ፤ ይህንንም ማዕረግ በኦሞ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት በ2016 ተመርቆ እስኪረከበው ድረስ ይዞት ቆየ። የተከዜው ግድብ ቅስት ነው፤ ከላይ ወደ ታችም ከጎን ወደ ጎንም ጎብጧል። ሌላ ዓይነት ግድብ ውኃውን በክብደቱ ሲይዝ፣ ቅስት ግን የውኃውን ግፊት በግራና በቀኝ ላሉት ገደሎች ያስተላልፋል፤ ሸክሙን የሚሸከመው ተራራው ነው። ይህ ዓይነት ግድብ የሚሠራው ሸለቆው ጠባብና ግድግዳው ጽኑ በሆነበት ብቻ ስለሆነ፣ ያ ለመንገደኛ ጠላት የነበረው ገደል ለመሐንዲስ ወዳጅ ሆነ። ቢሆንም ተራራው ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ በ2008 ናዳ ወርዶ ሥራውን አዘገየ፣ ቁልቁለቱንም ማጠናከር ግድ ሆነ።

ከመሬት በታች በተፈለፈለ አዳራሽ ውስጥ እያንዳንዳቸው 75 ሜጋዋት የሚያመነጩ አራት ተርባይኖች ቆሙ፤ ድምሩ 300 ሜጋዋት ነው። ከኋላው የተጠራቀመው ውኃ እስከ 9.3 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ለእኛ ለኖርስቦሪ ሰዎች እንዲገባን ከሜላረን ጋር ላስተያየው። ሜላረን ስፋቱ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን 14 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ያህል ውኃ ይይዛል። የተከዜው ሐይቅ ስፋት ወደ 150 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ማለት የሜላረን አንድ ሰባተኛ እንኳ አይሞላም። የያዘው ውኃ ግን የሜላረንን ሁለት ሦስተኛ ይጠጋል። ይህ የጥልቀቱ ልክ ነው። አጎቴ ደረታቸው ድረስ ገብተው የተሻገሩትን ውኃ፣ ዛሬ በዚያው ቦታ የቆመ ሰው ከራሱ በላይ ብዙ ቤት ተደራርቦ ያገኘዋል።

ከግድቡ የተዘረጋው መስመር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መቀሌ ይገባል፤ ከዚያም ወደ አገሩ ሁሉ መረብ ይቀላቀላል። መብራት የሚታደለው ከመረቡ እንጂ ከግድቡ ጥግ አይደለምና፣ የአጎቴ መንደር ሰዎች ግድቡ ካለቀ በኋላም ለዓመታት ማታ ማታ ኩራዝ ያበሩ ነበር። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በከተማ ያለ ፋብሪካና ሆስፒታል መብራት ማግኘቱ የሁላችንም ጥቅም ነው። ነገር ግን ተራራ ለተራራ ምሰሶ ሲተከል ከታች ሆኖ ማየት፣ ብርሃንም በራስ ላይ ሲያልፍ በጨለማ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ሰው መጻፍ አለበት።

ደግሞም ሐይቁ የሰጠው አለ፤ ይህን አለመናገር ዓይን ያወጣ አድልዎ ይሆናል። ፍየልና ማር እንጂ ዓሣ የማያውቁት የዋግና የአበርገሌ ወጣቶች ዛሬ መረብ ይጥላሉ። ቆሮሶውንና አምባዛውን አድርቀውም ትኩሱንም ይሸጣሉ። ከእነዚህ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። የመጀመሪያውን ዓሣ ሲያመጣ እናቱ እንዴት እንደሚበላ ጨንቋት እንደ ነበር እየሳቀ ነግሮኛል። እንደ እርሱ አነጋገር ለመረብ ክፉው ነገር ውኃው ውስጥ ቆሞ የቀረው ዛፍ ነው፤ ጫፉ አይታይም፣ መረቡን ይዞ ይቀራል።

ሸለቆው ለግድብ ከተመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ሰው ያልበዛበት መሆኑ ነው። እውነት ነው፤ ቆላውን፣ ወባውንና አዞውን ታግሦ እዚያ የሰፈረ ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ «ያልበዛበት» ማለት «ያልነበረበት» ማለት አይደለም። ወንዝ ዳር ያለውን ሰው የምንቆጥረው በጎጆ ብዛት ብቻ ከሆነ፣ የሚሻገረውን አንቆጥረውም። መሻገሪያ ቤት የለውም፣ ግብር አይከፍልም፣ ካሣ አይጠይቅም። ስለዚህ ከመዝገብ ውጭ ሆኖ ሰጠመ።

፭

ይህን የእኛ ብቻ ጉዳይ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ስለ ሱዎርቫ ነገረኝ። በባቡር እስከ የሊቫረ፣ ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ምዕራብ ተራሮቹ ውስጥ ገባሁ።

ስዊድን በ1909 በአውሮፓ የመጀመሪያዎቹን ብሔራዊ ፓርኮች ስታቋቁም ከእነርሱ አንዱ ስቱራ ሾፋሌት፣ ማለት ታላቁ ፏፏቴ ነበር። ለዘለዓለም ሳይነካ እንዲኖር ተብሎ የታጠረ ምድር ነው። አሥር ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1919 ምክር ቤቱ ፏፏቴውንና ሐይቆቹን ከፓርኩ ቆርጦ አወጣና ለኤሌክትሪክ ሰጠ። የሉሌ ወንዝ ምንጭ ላይ የሱዎርቫ ግድብ ተሠራ፤ በ1923 አለቀ፤ ከዚያም ደጋግሞ ከፍ እየተደረገ እስከ 1972 ቆየ። የነበሩት ብዙ ሐይቆች ተዋሕደው አካያውረ የሚባል አንድ ማጠራቀሚያ ሆኑ፤ ወደ 6 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዛል። ዛሬም ከስዊድን ኤሌክትሪክ ሁለት አምስተኛ ያህሉ ከውኃ ይገኛል፤ እኔ ሻይ የማፈላበትም ከዚያ ይመጣል።

የዚያ ምድር ሰዎች ሳሚዎች ናቸው፤ አጋዘን እየነዱ በጋውን ተራራ ላይ፣ ክረምቱን በደን ውስጥ የሚያሳልፉ። መንግሥት ዘላን ናቸው ብሎ ስለ መዘገባቸው፣ በዳርቻው ያሏቸው ጎጆዎችና ማጥመጃዎች እንደ ቋሚ መኖሪያ አልተቆጠሩላቸውም። ውኃው በተነሣ ቁጥር ወደ ላይ ወጡ።

እኔ የደረስኩት በሰኔ መጀመሪያ፣ ውኃው ዝቅ ባለበት ጊዜ ነው። የሐይቁ ከፍታ በዓመት ውስጥ እስከ 30 ሜትር ይለዋወጣል፤ ስለዚህ በዙሪያው ሣር የማይበቅልበት የገረጣ የድንጋይ ቀበቶ አለ። በመንገዱ ዳር ቡና የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ሳሚ ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀችኝና ስለ ተከዜ ነገርኳት። ብዙ አልተደነቀችም። ዘመዶቿ አራት ጊዜ ወደ ላይ እንደ ወጡ፣ ውኃው በጣም ሲወርድ የአያቷ ምድጃ ድንጋዮች እንደሚታዩ ነገረችኝ። ከዚያም ከጓዳ አንድ የታጠፈ ካርታ አመጣች። የታተመው ካርታ ላይ ሐይቁ ሰማያዊ ብቻ ነው። በሰማያዊው ላይ ግን በእርሳስ የተጻፉ ትናንሽ ስሞች ሞልተውበታል፤ ይህ ባሕረ ሰላጤ፣ ይህ ድንጋይ፣ ይህ አጋዘን የሚሻገርበት። አባቷ ናቸው የጻፉት። «ውኃው ቤቱን ወሰደ» አለችኝ፤ «ስሙን እንዲወስድ ግን እኛ ካልፈቀድን አይችልም።»

ወደ የሊቫረ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እሑድ እደውላለሁ ያልኩትን አስብ ነበር።

፮

ወንዝ ከላይ የሆነበትን ወደ ታች ይናገራል። በ1964 ሱዳን በአትባራ ላይ የኻሽም ኤል ጊርባን ግድብ ሠራች። የሠራችውም የግብጽ አስዋን ከፍተኛ ግድብ የዋዲ ሐልፋን ምድር ስለሚያሰጥም፣ ከዚያ የሚነሡትን ወደ 50,000 የሚጠጉ ኑቢያውያን ለማስፈርና እርሻቸውን ለማጠጣት ነው። ከዓባይ ዳር ተነቅለው በተከዜና በአትባራ ውኃ ላይ ተተከሉ። የዒዛናን ጽሑፍ ያነበበ ሰው እዚህ ጋ ቆም ይላል። «ተከዜን አይሻገርም» ብለው ይመኩ የነበሩት ሰዎች ስም ወራሾች፣ ከ1,600 ዓመት በኋላ የገዛ ወንዛቸው ቆሞ ቤታቸውን ሲያሰጥም፣ መጠጊያ ያገኙት በዚሁ ውኃ ላይ ነው። የጊርባም ግድብ ብዙ ሳይቆይ ደለል ይሞላው ጀመር፤ ከመያዝ አቅሙ ግማሽ ያህሉን አጣ። ያ ደለል የእኛ ማሳ ነው። ዛሬ የተወሰነው ተከዜ ግድብ ሥር ይቀራል፤ ስለዚህ የግድቡ ዕድሜ የሚወሰነው በሲሚንቶው ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ በላስታና በዋግ ተዳፋት ላይ በሚሠራው እርከንና በሚተከለው ዛፍ ነው። ግድቡን የሚጠብቀው ያው በኩራዝ የሚያመሸው ገበሬ ነው ማለት ነው።

በኅዳር 2020 ጦርነት ተነሣ። በቴሌቪዥን ሐምዳይት ሲባል ሰማሁና ከወንበሬ ተነሣሁ። እኔ በሌሊት በተሻገርኩበት ወንዝ ላይ እናቶች ልጅ ታቅፈው በቀን ሲሻገሩ አየሁ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ሱዳን የገባው ሰው ከ50,000 በለጠ። በ2021 ክረምት መግቢያ ከሽሬ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። በዚያው ክረምት የሱዳን ዳርቻ ሰዎች ከወንዙ አስከሬን እያወጡ ቀበሩ። በኅዳር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት «ተከዜ ማዶ» የሚለው ቃል በየአንደበቱ የጠላት አገር ስም ሆኖ ነበር። እዚህ ስቶክሆልም እንኳ በአንድ ማዕድ የምንቀርብ ሰዎች ወንዙን በመካከላችን አደረግነው። ለእኔ ማዶ ማለት ጨው ተሸጦ ገብስ የሚገዛበት፣ ሰው የምሆንበት ቦታ ነበር። ይህን የሚያስታውስ ሰው ሲያልቅ፣ ማዶ ሁልጊዜ ጠላት የነበረ ይመስላል።

የጦርነቱ ምክንያት ግድቡ ነው አላልኩም፤ እንዲህ ብሎ የሚያነበኝ ሰው ተሳስቷል። የምለው ይህን ነው፦ በር የነበረውን የሚያውቁት መልካዎቹ ነበሩ። መልካ ሁለት ወገን እንዲተዋወቅ ያስገድዳል፤ አንዱ ዋናተኛ፣ አንዱ ነጋዴ ይሆናል። ሰባ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥልቅ ሐይቅ ጀልባ ለሌለው ሰው ዓመቱን ሙሉ ክረምት ነው። ስለዚህ ግድብ የሚሠራ መንግሥት ሁሉ የሚያመነጨውን ሜጋዋት ሲያስብ፣ የሚዘጋውን መንገድ ደግሞ ቆጥሮ በምትኩ ጀልባና ድልድይ ያስብ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ከሁላችሁ ጋር ደስ ብሎኛል፤ ከኪሴም ያዋጣሁበት ነው። ያ ሐይቅ የተከዜውን ስምንት እጥፍ ያህል ውኃ ይይዛል። ከሥሩ ስንት የመሻገሪያ ስም እንዳለ የሚጽፍ የጉምዝ፣ የበርታ ወይም የአማራ ልጅ ተነሥቶ ከሆነ፣ ከእኔ የተሻለ ሰው ነው።

፯

ከሱዎርቫ ከተመለስኩ በኋላ ለእህቴ ልጅ ደወልኩና ሥራ ሰጠሁት። ገበያ በዋለ ቁጥር ከሽማግሌዎችና ከአሮጊቶች አንዱን «ወንዙ ሳይቆም በየት በየት ትሻገሩ ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅልኝ። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ኋላ ግን እርሱም ጥቅም አገኘበት፤ የድሮውን መልካ የሚያውቅ ዓሣ አጥማጅ ዛፉ የት እንደ ቆመ፣ አሸዋው የት እንደ ነበር ያውቃልና መረቡ አይቀደድም። ጦርነቱ ሥራውን አቋርጦት ነበር፤ አሁን ቀጥሏል። ከማዶ ያሉ የትግርኛ ተናጋሪ አጥማጆችም ሐይቁ ላይ ሲገናኙ የሚያውቁትን ነግረውታል።

እስካሁን አራት ስም ደርሶኛል። ከአራቱ አንዱ አጎቴ በዚያ ሰኔ ቀን ሲቆጥሩ የሰማሁት መሆኑን ጆሮዬ ይነግረኛል፤ ጆሮ ግን ለታሪክ አይበቃም። እያንዳንዱ ስም ከወዲህና ከማዶ አንዳንድ ምስክር እስኪያገኝ ድረስ እዚህ አላትማቸውም። በኖርስቦሪ በጠረጴዛዬ ላይ አንድ ካርታ ዘርግቻለሁ፤ ሐይቁ ሰማያዊ ነው፣ በላዩም በእርሳስ የተጻፉ አራት ቃላት አሉ።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ከዋግ ወይም ከስሜን፣ ከአበርገሌ ወይም ከተምቤን የመጣ አባት ወይም እናት በቤታችሁ ካለ፣ እስከ እሑድ አትቆዩ።